በሰዓቱ ጎን የነበረችው ስርጉድ

ሰኞ

አልተቀበለኝም። ኢስተን ካለው ሰዓት ሠሪ በቀጥታ ወደ ቤት ነድቼ ሰዓቱን አባባ እጅ ላይ አሰርኩለት። ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «የኔን አምጪ» አለኝ።

ሰዓቱን ማሳደሴ ለልደቱ ስጦታዬ መሆኑ ነበር። አባባ መርሳት ከጀመረ ቆይቷል፤ ስሜ የሚጠፋው ቀን አለ። ይህ የስዊስ ሰዓት ግን ጠፍቶት አያውቅም። ፊቱ ቡና መስሎ፣ ብረቱም ተጫጭሮ ነበር። ሠሪው ደጋግሞ ጠይቆኛል፤ ፊቱም ይቀባ? ብረቱም ይወልወል? ሁሉም እንደ አዲስ ይሁን አልኩት። እኛ ቤት የአባት ዕቃ አርጅቶ አይታይም።

ማክሰኞ

ዛሬም ተቀይሮብኛል ይላል። ልጄ ሳራ ከኮሌጅ መጥታ ትንሽ አየችውና «ማም፣ ሂ ቲንክስ ዩ ስቶል ኢት» አለችኝ። ሰርቀሽው መስሎታል ማለቷ ነው፤ ደግነቱ እሱ አልሰማትም።

ቢሮ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ድሮ የስዊስ ሰዓቶች ሳነብ ቆየሁ። ለባሕር ጠላቂ የሚዞር ቀለበት ያለው፣ ለአብራሪ ጥቁር ፊትና ትልልቅ ቁጥር ያለው። የአባባ ግን ሱፍ ለሚለብስ ሰው የተሠራው ነው፤ ስስ፣ ፊቱ እንደ ተደፋ ሳህን ጠርዙ ላይ ዝቅ የሚል፣ ብርሃን እንዲይዝ። ኋላ በባትሪ የሚሠሩት መጡና ብዙ ፋብሪካ ተዘጋ። ቀጥሎ ያነበብኩት ምሳዬን አስተወኝ። ፀሐይ ያጠየመውን ፊት ሰብሳቢዎች እንደ ብርቅ ነው የሚፈልጉት። ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ሠሪውን ኮል አደረግኩት። የተፋቀ ቀለም አይመለስም፣ የተወለወለ ብረትም አይመለስም አለኝ። በጨዋ ደንብ ነው የነገረኝ።

ከራት በኋላ አባባ ሰዓቱን አንስቶ ጎኑን በአውራ ጣቱ ሲዳብስ አየሁት። ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ደግሞ ይፈልጋል። ያኔ ገባኝ። የሚፈልገው ፊቱን አይደለም፣ ጎኑ ላይ የነበረችውን ስርጉድ ነው። ልጅ ሆኜ በስደት ሱዳን ስንገባ እኔን አቅፎ ከጭነት መኪና ሲዘል ሰዓቱ ድንጋይ መትቶ የሰረጎደችው ናት። ጣቱ እዚያ ሲያርፍ ታሪኩን ይጀምራል፤ «አንቺን ላለመጣል እጄን ለድንጋዩ ሰጠሁ።» ስንቴ «ሰምቻለሁ አባባ» ብዬ አቋርጬዋለሁ። ስሜ ሲጠፋው እንኳ በእሷ በኩል ወደኔ ይመለስ ነበር። መመለሻውን ከፍዬ አስፋቅኩት።

ሐሙስ

ጋራዥ ገብቼ ሰዓቱን በመዶሻ መታሁት። ለሳራም አልነገርኩም። መጀመሪያ ፈርቼ፣ ቀጥሎ እያለቀስኩ፣ እዚያው ቦታዋ ላይ። ሰረጎደ። አልቆመም፣ ይሠራል፤ ይህንንም ከድል ቆጠርኩት።

አባባ ነካውና ጣቱን ሰበሰበ። «ይወጋል» አለ። እውነቱን ነው። የድሮዋን ያለሰለሳት የገዛ ጣቱ ነበር፣ ስንት ዓመት ሙሉ። ያንን ልስላሴ በመዶሻ ከየት አመጣለሁ?

ዓርብ

ከሥራ ስገባ አባባ ሳሎን ተቀምጧል። ከመቀመጫው ሊነሳልኝ ሞከረ፣ እንደ እንግዳ። ሰዓቱን በጣቱ ወደኔ ገፋ አደረገው።

«ይኼ የኔ አይደለም እትዬ» አለኝ። «ግን አይጨነቁ። ልጄ ከሥራ ስትመጣ የኔን ትፈልግልኛለች። እሷ ዕቃዬን አታጠፋም።»

እነግራታለሁ አልኩት። ስለ ልጁ እንዲያጫውተኝ ጠየቅኩት። አውራ ጣቱ ሰዓት የሌለበትን የእጁን አንጓ ዳበሰ። ትንሽ ልጅ ነበረች አለና ወሬውን አቆመ። ቀሪው አልመጣለትም። ጨነቀኝና እኔው ቀጠልኩለት፤ ጭነት መኪናውን፣ ዝላዩን፣ ድንጋዩን።

በጥርጣሬ አየኝ። «እርስዎ ይኼን በምን አወቁ?»

አጠገቡ ተቀመጥኩና ልጁ እስክትመጣ አብረን በሩን ማየት ጀመርን።