የአል ቃጣራዋ ጀልባ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሰቢሃ ያሲን፤ ኮምቦልቻ።

ይህን ቆመሽ አንብቢው። ለስልሳ ዓመታት ያለ እረፍት ያገለገለችኝ የመጨረሻዋ መንጋጋዬ ባለፈው ሰኞ በአንድ ደረቅ ተምር ተመትታ ከሥራዋ ተሰናብታለች። ቀብሯም አል ቃጣራ፣ ከግቢያችን ተምር ሥር ተፈጽሟል። ለቀስተኛዋ ድመቷ ብቻ ነበረች።

አሰላሙ አለይኩም የኔ እናት። እንዴት ሰነበትሽ? ያ የሚያስነጥስሽ አቧራ ተወሽ ወይ? የእናትሽ የፋጡሜ ወገብ እንዴት ሆነ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከጥርሴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። እንደ ልማዳችን በዚህም ደብዳቤ ውስጥ አንድ ውሸት አለች፤ እስከ መጨረሻው ፈልጊያት።

አሁን ተቀመጪ። አባትሽ ሆስፒታል ነው። በሕይወት አለ፤ ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። እስካሁን ያልደወለላችሁ ድምፁ እንዳያሳብቅበት ፈርቶ ነው።

የካፊላችንን፣ የአሠሪያችንን ማለቴ ነው፣ ጀልባ ነግሬሽ ነበር። ባሕር በሌለበት በአል ዓይን፣ እንደ ሰንጋ ዳስ ተጥሎላት ቤንዚን እየጠጣች የምትቀለበዋን። አባትሽ በየሳምንቱ በተጎታች ጭኖ፣ በስዌይሃን በኩል አል መቅጣዕ ድረስ ወስዶ ባሕር ላይ ያወርዳታል። እኔም የግቢው ዘበኛ ነኝና አብሬ እጭናለሁ። መቼም ጥንቃቄውን ታውቂዋለሽ፤ ሦስት ጊዜ ሳይዞራት አይነሳም። ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ የኋላ መብራቱን ያያል፣ ሞተሩ ወደ ላይ መነሳቱን ያረጋግጣል፣ ማሰሪያ ቀበቶዎቹን በጉልበቱ ተደግፎ ያጠብቃል። ሆዷ ውስጥ የቀረ ውሃ እንዳይኖርም ከሥሯ ያለውን ውታፍ ይከፍታል። ጭነት የሚገለበጠው በናቀው ሰው ላይ ነው ይለኛል፤ ለእኔ፣ አርባ ዓመት በቅሎ ለጫንኩት ሰውዬ!

የእኔ ድርሻ አንዲት ነገር ናት። ተጎታቹ ከመኪናው ቢላቀቅ የሚይዘውን ሰንሰለት አያይዛለሁ፤ ስንመለስም ጨው እንዳይበላው በንጹሕ ውሃ አጥቤ እሰቅለዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ስዌይሃን ልንገባ ስንል የተጎታቹ አንደኛው ጎማ ይንጫጫ ጀመር። አባትሽ ዳር ይዞ ቆመ፤ ዳሩ ወደ ኋላ ቁልቁል ነበር። ከኋላ ዞሮ ጎማውን ሊያይ ጎንበስ እንዳለ ተጎታቹ ከመኪናው ተላቀቀ። ሰንሰለቱም ተበጠሰ። ጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሸራትታ እግሩ ላይ ወጣችበት። ልይዛት ተንጠላጠልኩ፤ ስንት በሬ የምታህል ጀልባ በሽማግሌ እጅ! ግመል ጠባቂዎች ሮጠው ደርሰው አነሱለት።

ካፊሉ ሆስፒታል መጥቶ ተጠያቂው ሹፌሩ ነው፣ ኸላስ፣ ሲድን የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ተሰርዞ አገሩ ይገባል አለ። አባትሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንዲስቅ ብዬ፣ አብሽር ልጄ፣ ከእንግዲህ አንዱ ካልሲ ቢጠፋብህ አትፈልገውም አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ለፋጡሜ ይህን ስታነቢላት እጇን ይዘሽ ይሁን። ታናሽሽን ዩስራን ጸጉሯን እየጎተትሽ ሳሚልኝ። አያትሽ ሐፍሳን ዱዓ አድርጊ በያት፤ ለልጇም፣ ለእኔም።

አሁን ወደ ውሸቷ። ጥርሷ ናት ብለሽ ይሆናል፤ ጥርሷስ እውነት ናት። ሰንሰለቱ ነው ያልተበጠሰው። አጥቤ የሰቀልኩት ሚስማር ላይ ነበር የዋለው። ጓሮ ድረስ መሄድ ሰንፌ፣ በሱ ፋንታ በገመዴ ቋጠርኩ፤ በዚያ የትኛዋም በቅሎ ባልፈታችው ቋጠሮዬ። አባትሽ "አባባ፣ ሰንሰለቱ ተያዘ?" ሲለኝ "ደግሞ አባትህን ልትፈትሽ ነው?" ብዬ ሳቅሁበት። ሁሉን ዞሮ የሚያይ ልጅ፣ አባቱን መፈተሽ ነውር መስሎት ሄዶ መሪውን ያዘ። ለፖሊስም "ሰንሰለቱን የረሳሁት እኔ ነኝ" አለ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ።

ነገ ጠዋት ለካፊሉ እውነቱን እነግረዋለሁ። አስቀድሜ ላንቺ የጻፍኩት ማፈግፈጊያ እንዳይኖረኝ ነው።

አያትሽ ጧሂር
አል ዓይን፣ አል ቃጣራ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.