ኢድዋል ለባቡር እጁን ያነሳበት ቅዳሜ

ለእህቴ ለኤሊነድ፣

እታለሜ፣ ይህች ወረቀት ውቅያኖሱን ተሻግራ እጅሽ እስክትገባ ድረስ ሰላምታዬ አይቀዝቅዝብሽ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያ የፓታጎንያ ንፋስ ዛሬም የልብስ ማስጫ ገመድሽን እየበጠሰ ነው? ባልሽ ኦስቫልዶስ ያን ጥርሱን አስነቀለው ወይስ እንደ ልማዱ ነገ ነገ እያለ ነው? ልጆቹስ፣ አማትሽ ዶኛ ኤልሳስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬን ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቷን ቆርጠም ያደርጋታል እንጂ ሌላው አካሏ ከእኔ ይሻላል። እኔም ከሳቅ ብዛት ጎኔን ከማመሙ በቀር ምንም አልሆንኩ። የሳቄን ምክንያት ልጽፍልሽ ነውና ሻይሽን ቅጂና ተቀመጪ።

ኢድዋል ተመልሷል። አዎ፣ ያው ኢድዋል፣ ቀለበቱን የመለስሽለት። ካርዲፍ ዕድሜ ልኩን ትምህርት ቤት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የባሕር አየር አማረው መሰለኝ፣ ከላይኛው መንገድ ላይ ቤት ገዝቶ ገባ። እህቴ፣ አንቺ ያኔ እምቢ ብለሽ ስትሄጂ እማዬም እኔም ምን ጎደለው ብለን አልቅሰንብሽ አልነበር? አሁን ሳየው የሄድሽበት የዓለም ጫፍ እንኳ ቅርብ ነው እላለሁ። ጭቃ አይቶ የማያውቅ ጫማ ገዝቷል። ሁለት ምርኩዝ ይዟል፣ እግሩ ግን ከሁለታችንም ጤነኛ ነው። ስልኩን እንደ ደወል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ባሕሩ በግራው በኩል እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ እያለ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ስልኩን ይጠይቃል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የቅዳሜ ጉዟችን ውስጥ የገባው። የቅዳሜውን ነገር ጽፌልሻለሁ፤ በባቡር ሄደን አንዷ ጣቢያ ላይ እንወርድና ባሕሩን ይዘን ተጉዘን ሌላዋ ጣቢያ ላይ ባቡር አስቁመን እንመለሳለን። የእኛ ባቡር በትንንሾቹ ጣቢያዎች እጅ ካላነሱለት እንደማይቆም አትረሺውም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የመጣ ሥርዓት ግን አለን፤ እጅ የሚያነሳው የዕለቱ መሪ ብቻ ነው። ሥጋ ሻጩ ጋሽ ሜይሪግ ናቸው ያመጡት፤ ሁላችሁም እጃችሁን ካወዛወዛችሁ ነጂው ሰው ባሕር ገባ ብሎ ይደነግጣል አሉ። እሳቸው ስንት ዘመን ሲመሩን ቆይተዋል፣ እኛም እጃችንን ኪሳችን ከትተን ኖረናል።

እማዬ ጉዞውን ሙሉውን መሄድ ከተወች ቆይታለች። ግን ቀድማን በባቡር መጨረሻው ጣቢያ ትደርሳለች፣ በባሕሩ ግንብ ላይ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ትልና ዘቢብ የገባበትን ዳቦዋንና ፔርሙዟን ይዛ ትጠብቀናለች። አባዬ ካረፈ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ከቤት የምትወጣባት ቀን ይህችው ናት። ዓርብ ማታ ሰማያዊ ኮፍያዋን ከሳጥኑ አውጥታ በማንቆርቆሪያው እንፋሎት ታቃናዋለች። ኮፍያው ሲወጣ ሳይ የሳምንቱ ድካሜ ይወጣልኛል።

ኢድዋል ሁለት ቅዳሜ እንኳ አብሮን ሳይሄድ እርማት ጀመረ። ባቡር መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው አለ። በመኪና ብንሄድ የፈለግንበት ጀምረን የፈለግንበት እንጨርሳለን፣ የሚያዘገየንም አይኖርም አለ። ትልልቅ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው እጅ ዘርግተው ባቡር ሲለምኑ ማየት ያሳፍራል አለ። ጋሽ ሜይሪግ ሰው ማስቀየም ያማቸዋልና አንድ ቅዳሜ አንተ በመኪና ምራን፣ ከተስማማን በዚያው እንቀጥላለን አሉት። ዝም ብሎ ደስ ቢለው ምን ነበረበት? እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እማዬን በሩ ላይ ጠብቆ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

«እማማ ኦልወን፣ እርስዎ ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ። መኪናው ውስጥ ቦታ አይኖርም፤ ፎቶ እናመጣልዎታለን።»

እማዬ እግዜር ይስጥልኝ ብላው ወደ ቤት ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስለ ጎመን ዋጋ ነበር የምታወራኝ። ዓርብ ማታ ግን ኮፍያው ከሳጥኑ አልወጣም። እታለሜ፣ የጠላሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ንቄው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ስድስታችን ተነሳን። ከታሊቦንት ተነስተን ላንዳኑግ፣ አሸዋ የሚያለብሳት ቤተ ክርስቲያን ጋ ልንጨርስ ነው። መጀመሪያ በኢድዋል አዲስ መኪናና በጋሽ ሜይሪግ አሮጌ የሥጋ መኪና ላንዳኑግ ሄድን። ለምን አትይኝም? ስንጨርስ የምንመለስበት መኪና እዚያ እንዲጠብቀን። የእሱን መኪና እዚያ አቁመን ሁላችንም በሥጋ መኪናዋ እንደ በግ ታጉረን ወደ ታሊቦንት ተመለስን። ከፊታችን ቤቱን በመኪና የሚጎትት አንድ ቱሪስት እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል፤ እኛ ከኋላው ተኮልኩለን ሳለ ባቡሩ በጎናችን ሽው ብሎ አለፈ። ጋሽ ሜይሪግ ብቻ ባርኔጣቸውን አንስተው ለባቡሩ እጅ ነሱ።

ታሊቦንት ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ኢድዋል ወፍራም ካፖርቱን አውልቆ መኪናዋ ውስጥ ወረወረና ቀጭን ጃኬቱን ለበሰ። ይህ ጃኬት ዝናብ አያስገባም፣ ላብ ያስወጣል፣ ሲታጠፍ መዳፍ ውስጥ ይገባል እያለ እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ ሰበከን። ከዚያ በኋላ መንገዱ እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ፤ አሸዋው ገና ከማዕበሉ እንደ ወጣ፣ ሮዝ አበባው በድንጋዩ መሐል ፈንድቶ። ማን ያይ! ኢድዋል ፍጥነታችን ወረደ፣ ፍጥነታችን ወረደ ይላል። ጋሽ ሜይሪግ የባሕር ውሻ አየሁ ብለው ቢቆሙ በምርኩዙ ወደፊት አመለከታቸው። ትምህርት ቤት ሲቆጣጠር ልጆቹ እንዴት ኖሩ?

ላንዳኑግ ስንደርስ ዝናቡ አብሮን ደረሰ። ኢድዋል ቀድሞን ወደ መኪናው ሄደና አያችሁ፣ መጠበቅ የለም፣ መለመን የለም አለ። እጁን ኪሱ ከተተ። ሌላውን ኪሱን ዳበሰ። ያን መዳፍ ውስጥ የሚገባ ጃኬት እንደ ጓንት ገለበጠው። ፊቱ ሲነጣ ገባኝ፤ ቁልፉ ካፖርቱ ውስጥ ነው፣ ካፖርቱ የጋሽ ሜይሪግ መኪና ውስጥ ነው፣ መኪናዋ ታሊቦንት ናት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው። አዲሱ መኪና ዝናቡ እያብረቀረቀው፣ ተቆልፎ ቆሟል። እኔ ለመሳቅ ዞር ስል ሽቅብ ጣቢያው ላይ፣ መጠለያዋ ውስጥ፣ ሰማያዊ ኮፍያ አየሁ።

እማዬ ናት። ለብቻዋ በባቡር መጥታ፣ ዳቦዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ኋላ ለምን እንደመጣች ብጠይቃት ባቡሩ የእሱ አይደለም ብላ ብቻ መለሰችልኝ።

ሁላችንም መጠለያዋ ውስጥ ተጣበን ገባን። ከሃርሌክ በኩል ባቡሩ ብቅ አለ። ይህ ካለፈ የሚቀጥለው ሲመሽ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ጠንክሯል። ኢድዋል ጋሽ ሜይሪግን አያቸው። እሳቸው እኔ ዛሬ ተመሪ ነኝ አሉና ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እኔም ከተትኩ። አምስታችንም ከተትን።

«ኢድዋል፣ ልጄ፣» አለች እማዬ ዳቦውን እየቆረሰች፣ «የዛሬው መሪ አንተ ነህ። ዳቦዬ ደግሞ እስከ ማታ አያደርሳችሁም።»

ምርኩዙን ከፍ አደረገ። እማዬ ዱላውን አውርድ፣ ነጂው እረኛ ይመስለዋል፣ እጅህን ነው የሚፈልገው አለችው። እጁን እስከ ትከሻው አነሳ። ጋሽ ሜይሪግ ትንሽ ከፍ በል ወንድሜ፣ ጣራ አትነካም አሉት። ከፍ አደረገ። እህቴ፣ ቢቻለኝ ይህን ሥዬ እልክልሽ ነበር፤ ያ የሚያዝዝ እጅ ዝናብ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ውሃው በእጅጌው ወደ ብብቱ እየወረደ። ዝናብ አያስገባም ያለን ጃኬት እኮ ነው። ባቡሩም ቆመ።

ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ጋሽ ሜይሪግ ላባቸውንም ዝናባቸውንም ጠረጉና የሚቀጥለው ቅዳሜ በባቡር ታይዊን ነን፣ እማማ ኦልወን የት እንደሚጠብቁን እሳቸው ይምረጡ አሉ። ኢድዋልን ጨምሮ የተቃወመ የለም። እሱ ከእማዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዳቦዋን እየበላ ነበር፤ ሁለተኛውን ቁራጭ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አንቺ ጠየቃት። ኤሊነድ እንዴት ናት፣ ስሜን ታነሳለች ወይ፣ በመጪው ዓመት ወደዚያ አገር ብቅ ልል አስቤያለሁ አለ። እማዬ ፔርሙዙን ከደነች፣ ፍርፋሪውን ከጭኗ አራገፈች።

«ደህና ናት፣» አለችው። «ግን ሩቅ ናት ልጄ። በመኪና አይደረስባትም።»

ታሊቦንት ላይ ከጋሽ ሜይሪግ ጋር ቁልፉን ሊያመጣ ሲወርድ አንዱን ምርኩዝ ረስቶት ሄደ። አሁን እኛ ቤት ነው፤ እማዬ የአተር ሐረግ አስደግፋበታለች።

ለኦስቫልዶ፣ ጥርሱን ይንቀለው በይልኝ፣ ሰላምታዬ ይድረሰው። ለሚልባ አንድ ጉንጯን፣ ለትንሹ ለቱሊዮ ሁለቱንም ሳሚልኝ። ለዶኛ ኤልሳ ለላኩልን ሻይ ቅጠል እጅ ነስታለች በያቸው ብላለች እማዬ። ጋሽ ሜይሪግም ደህና ሁኚ ይሉሻል። እማዬ ለአንቺ ያላት ቃል አጭር ነው፤ ልክ ነበርሽ በያት አለችኝ። ኮፍያው ከእንግዲህ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ሳጥኑን ለድመቷ ሰጥታዋለች።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ ኔሪስ

ባርመዝ፣ ዌልስ፣ ሰኞ ሜይ 12 ቀን 2025