አያንቱ ራሷ መለሰች

ሃዊዬ፣ እህትሽ አላገባም አለች፤ አባትሽም መረቃት! ከደስታዬ ብዛት ሰላምታውን ረሳሁት። እንደምን አለሽልኝ ልጄ? እግዜር በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ።

ትተሽልን የሄድሽውን የድሮ ልቦለድ ለአባትሽ ጮክ ብዬ ሳነብለት ነው የከረምኩት። ልጅቷን ሳይጠይቁ ሲድሯት፣ "ይህ አባቷ አንድ ጊዜ ቢጠይቃት ምን ይጎድልበት ነበር?" ብሎ ተቆጣ። "እኔንስ ማን ጠየቀኝ?" አልኩት።

እሁድ ጠዋት እነኦቦ ቀጀላ ሽማግሌ ሆነው፣ እንደ ወጉ እርጥብ ሣር ይዘው አያንቱን ለአንድ ነጋዴ ሊጠይቁ መጡ። ሀብታም ነው ሲሉ ሰምቼ ስለነበር አባትሽ እሺ ይላል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ከጓዳ አስጠራት።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገሩ ያንቺ ነው፤ አንቺው መልሺ።"

"ትምህርቴን ልጨርስ፣ አባዬ።"

ኦቦ ቀጀላ ደነገጡ። "ደቻሳ፣ ሴት ልጅ ለሽማግሌ መልስ የምትሰጠው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከዛሬ ወዲህ" አለ አባትሽ፤ አያንቱን መርቆ ጭኮውን ራሱ አቀረበላቸው። ጥርግ አድርገው በሉ!

እመብርሃን ትጠብቅሽ ልጄ፤ ብርዱን ተጠንቀቂ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሌላ ካገኘሽ ላኪልን፤ አባትሽ እየጠየቀኝ ነው። አያንቱ ከጉደር ካምፓስ የምትመረቀው ሐምሌ አምስት ነው። ኦቦ ቀጀላን ሳይቀር ጠርቻለሁ፤ አንቺም ትኬትሽን ቁረጪ። ሐምሌ አምስት ማንም እንዳይቀር!

እናትሽ ወርቅቱ