ገመዱ ደብተሬ መሃል ነው

ለውዷ እህቴ ለሚላግሮስ፣ ሆንግ ኮንግ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ፣ አሳማዋም ጭምር፣ ደህና ነን። ከአሳማዋ በቀር ሁላችንም ናፍቀሽናል።

ቤታችን አሻጥረኛ ገብቷል። የላክሽልን የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ጨሰ፤ ጎረቤት ቢጠግነው ሳምንት ሳይሞላው ደገመው። የሶኬት ማከፋፈያው ቀልጧል፣ ግድግዳው ጠቁሯል። ለካ አንድ ሰው የውስጡን ድስት መደርደሪያ ላይ ትቶ፣ ሩዙንና ውሃውን ባዶው ማሽን ውስጥ ገልብጦ ይሰካዋል! አክስቴ ፔርላ፣ "አንቺ ነሽ! ድስቱ ውስጥ እንቁራሪት የከተትሽው አንቺ አይደለሽ?" አለችኝ። እንቁራሪቷስ የኔ ነበረች፤ ይሄ ግን የኔ ሥራ አይደለም።

እኔ የጠረጠርኩት እሷኑ ነው፤ አዲስ ማብሰያ አምሯት ይሆናላ! ስለዚህ ትናንት ከትምህርት ቤት ቀርቼ በር ኋላ ተደበቅኩ። የገቡት አያታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን መርከብ ላይ ሲያበስሉ የኖሩት፣ የሩዝ ውሃ በጣት አንጓ መለካት ያስተማሩን አያታችን! ሩዙን ባዶው ማሽን ውስጥ ገልብጠው ሊሰኩት ሲሉ ገመዱን ቀማኋቸው።

"አያቴ፣ ለማን ነው?"

"ለሚላግሮስ ነዋ፣ አንቺ ቀበጥ! ከትምህርት ቤት ስትመጣ ይርባታል።"

ሳቅኩ። ብዙም አልሳቅኩ።

ለአክስቴ "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብዬ ሁለት ኩርኩም ቀመስኩ፤ ይህንኑ ብትጽፍልሽ ያመንሻት ምሰዪ። የማብሰያው ገመድ ከዛሬ ጀምሮ ደብተሬ መሃል ሆኖ አብሮኝ ይማራል፤ ከኔ የተሻለ ውጤት ሳያመጣ አይቀርም።

አሠሪዎችሽ ዘንድሮ ፈቃድ ይሰጡሻል? ለገና ባይሆን ለፋሲካ? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ።

እንቁራሪቷም ጉንጭሽን ስማለች።

ያንቺው ቀበጥ፣ ሊዋይዋይ