ከግንባሩ ላይ የጠፋችው ጭረት

ሰኞ
ደግሞ ፖስተር። ካፌ ሊከፍት ያለ ልጅ የደርግ ዘመን የቅስቀሳ ፖስተር ይዞ መጣ፤ ግድግዳ ሙሉ አድርጌ እንዳትምለት ይፈልጋል። አዳማን ምን እንደነካት አላውቅም፤ ከሰርግ ባነር ቀጥሎ የማትመው ይኼንኑ ሆኗል። ቲሸርት ላይ፣ ኩባያ ላይ፣ ባጃጅ ላይ። ያኔ ሰውን ከቤቱ ያስወጣ ወረቀት አሁን ማኪያቶ ያሻሽጣል።
የዛሬው ክላሽ ያነገተ ወታደር ነው፤ ከሥሩ በቀይ «ወደ ግንባር!» ይላል። ወረቀቱ አርጅቷል።

ማክሰኞ
ስካን አድርጌ ሳጸዳ ዋልኩ። የእጥፋቱን መስመር፣ የዝንብ ኩሱን፣ ከቅንድቡ በላይ የነበረችውን ጭረት፣ ሁሉንም አጠፋሁ። ኮራሁ። ለልጁ በቴሌግራም ብልክለት «አሁን ገና ሰው መሰለ» አለኝ።

ረቡዕ
አባባ ሱቅ ብቅ አሉ። አባቴ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ናቸው፤ የማትመውን ሳይተቹ አያልፉም። ዛሬ ግን መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።
«ጠባሳውን የት አደረግሽው?»
እድፍ መስሎኝ ነው አልኳቸው።
«ወንድሜ ነው» አሉ።
ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ቡልቡላ ሲያስተምሩ የቅስቀሳ ፖስተር እንዲስሉ ታዘዙ፤ የሚስሉት ፊት ሲያጡ ታናሽ ወንድማቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ሳሉት፣ በልጅነቱ ከጋሪ ወድቆ ካተረፋት ጠባሳ ጋር። ሥዕሉ ታትሞ በየቀበሌውና በየመናኸሪያው ተለጠፈ። አጎቴ መዝመት አልፈለገም ነበር። ግን ገበያ በወጣ ቁጥር «ሌላውን ወደ ግንባር እያልክ አንተ እዚህ?» ይሉታል። አላስቀመጡትም። በመጨረሻ ሄዶ ተመዘገበ፤ አልተመለሰም። የነበረችው አንዲት ጉርድ ፎቶ ለምዝገባው ተወስዳ ቀረች። የቀረን መልክ ይኼ ብቻ ነው።

ሐሙስ
ሥራውን ልመልሰው አልኩ። አባባ እምቢ አሉ፤ ሌላ ቦታ ያሳትመዋል፣ እዚያም ያጠፉታል አሉ። ጠባሳዋን ከዋናው ወረቀት እያዩ ራሳቸው መለሷት፤ ማውሱን እንደ ጠመኔ ነው የሚይዙት። ባለካፌው ቅር አለው፤ ግን ለምን እንደሆነ ስነግረው ተቀበለ።
ግንባር። ፊትም ግንባር፣ ጦር ሜዳም ግንባር። ቃሉ ራሱ አስጠላኝ።

ቅዳሜ
ካፌው ተከፈተ። አባባ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ወጣቶቹ ተራ ይዘው ከወታደሩ ጎን እንደ ወታደር ሰላምታ እየሰጡ ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ ስልኳን አየችና ግንባሩ ላይ ኅትመቱ ተበላሽቷል አለች። ጓደኛዋ ግድ የለሽም፣ በፊልተር ይጠፋል አለቻት።
አባባ ሰምተዋል። ሊቆጧቸው ነው ብዬ ተሳቀቅሁ።
«ልጆቼ፣ እኔንም ከእሱ ጋር አንሡኝ» አሏቸው።
ከወንድማቸው ጎን ቆሙ። ልጅቷ ደስ ብሏት አነሳቻቸው፤ ቁጥሬን ተቀብላ ላከችልኝ።

እሑድ
ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ፊልተሩን አላጠፋችውም። ጠባሳዋ የለችም፤ የአባባም ሽብሽብ የለም። ሁለት እኩያ ወጣቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም ገና ምንም ያላገኛቸው።
አባባ ከጠዋት ጀምሮ ፎቶው መጣ ወይ እያሉ ነው። ገና ነው አልኳቸው።