አባታችን ነጋዴ አልነበረም

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ብርዱ ጸንቷል ብለሽኝ ነበር፤ እንግዲህ ደራርባችሁ ልበሱ። እኔን ከጠየቅሽ ጆሮዬ ከብዷል፣ ዓይኔ ግን ገና ጨርሶ አልከዳኝም። ባለቤቴም ደህና ናት፤ ጭቅጭቋንም አልተወችም።

የላክሽው የሕይወት ታሪክሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር፣ ቀጥሎ በንዴት። በድጋሚ ሊታተም ስለሆነ የሚታረም ካለ ንገረኝ ብለሻል። አለ።

ረሃባችንን በደንብ ጽፈሽዋል። እናታችን ባዶ ድስት እየጠረገች «ጠግቤያለሁ» ትል የነበረውን ሳነብ መጽሐፉን ከድኜ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባለቤቴ ምን ሆንክ ብትለኝ ጭስ ነው አልኳት። እሳት እንዳልነደደ ታውቃለች።

አባታችንን ግን «የቆዳ ነጋዴ» አልሽው። መቼ ነው የነገደው? አባታችን ቆዳ ፋቂ ነበር። ኖራ እጁን ልጦት ማንኪያ መጨበጥ እያቃተው፣ ገንዳ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ነው ያሳደገን። ጎረቤት ውሃ ሲሰጠው እንኳ ከላይ ሆኖ መዳፉ ላይ ያፈስለት ነበር እንጂ ጣሳውን አያስነካውም። አንቺ የተናቅነው ድሆች ስለሆንን ነው ትያለሽ። ድሃማ ሰፈሩ በሙሉ ድሃ ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሽ ቀን የያዝሽውን ቦርሳም «የጨርቅ» ብለሽዋል። በአሥራ አራት ዓመቴ ብቻዬን ያለፋሁት የመጀመሪያው ቆዳ ነበር። እንዲደርስልሽ ብዬ በደንብ ሳይለፋ ሰፋሁት። ቤታችን ውስጥ ሽታውን ያወቀ አልነበረም፤ አፍንጫችን ከገንዳው ጋር ነው ያደገው። እናታችን አገላብጣ አይታ መረቀችኝ። መምህሩ ግን አፍንጫውን ይዞ ቦርሳውን በእግሩ ወደ ውጭ ገፋው፤ አንቺንም በር ጥግ አስቀመጠሽ። ስድስት ዓመት ከዚያ አልተነሳሽም። ለእኔ አዝነሽ እንደደበቅሽው ይገባኛል። ሐዘኔታሽን አልፈልግም። ቦርሳውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እንደዚያው ይጻፍ።

መጨረሻ ላይ ሁሉንም አሸነፍኩ፣ መምህሬንም ይቅር አልኩ ብለሻል። ይቅርታው የራስሽ ነው፤ የእኔን ግን አትጨምሪበት። ማሸነፍሽንም አላምንም። እኔ ፊደል የለቀምኩት አንቺ ጨርሰሽ በጣልሽው ደብተር ነው። መታወቂያ ላወጣ ስሄድ ጸሐፊው በደግነት «አባባ፣ ሥራዎን ነጋዴ ብዬ ልጻፍልዎት?» አለኝ። «የሠራሁትን ጻፍ» ብዬ እፊቱ ቆሜ ቆዳ ፋቂ አስጻፍኩት። አንቺ ይህን ሁሉ ተምረሽ ይህችን ቃል መጻፍ አቃተሽ።

የባሰው ደግሞ ትልቋ ልጅሽ መጽሐፉን አንብባ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ የአያቴ ሱቅ ትልቅ ነበር?» ትለኛለች። ምን ልበላት? እየሰማኋት አልሰማሽም ብዬ ዘጋሁት። ሲያንቋሽሹን ለኖሩት ሰዎች ያልዋሸሁትን እኔን ለገዛ እህቴ ልጅ አስዋሸሽኝ። ይህን እንዲህ በቀላሉ አልረሳልሽም።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን አድርጊ። ወይ ቆዳ ፋቂ ብለሽ ጻፊ፣ ወይ አባቴንና እኔን ከመጽሐፉ አውጪን፤ ያለ እኛ እንዳደግሽ ይታተም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ከአንቺ ጋር መኖሩ ራሱ ትዕግሥተኛ ያሰኘዋል። ትንሹ ልጅሽ ሥራ አገኘ ወይ? ሳሚልኝ። ባለቤቴ አንድም ሳታስቀር ሁላችሁንም ትስማለች። ለትልቋ ግን ሰላምታዬን አታድርሺልኝ። መጀመሪያ አያቷ ምን እንደነበረ አንቺው በአፍሽ ንገሪያት። ከዚያ ራሷ ትደውልልኝ፤ እሰማታለሁ።

ታላቅ ወንድምሽ
ከአባታችን ቤት፣ ኅዳር 14 ቀን