ጠረጴዛ የሌለው የቢሊያርድ ክፍል

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

«ይኼ እኮ ጋብቻ ነው፤ ዋጋ የለውም!» ባለፈው ሰኞ በገዛ ቤቴ፣ ሳህን እያጠብኩ፣ ይህን ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁ። አልተቆጣሁም። ሠላሳ ዓመት ስጠረጥረው የኖርኩትን ባለሙያ መጥቶ አረጋገጠልኝ ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ይቅር በይኝ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የስካርቦሮ የባሕር ንፋስ ተስማማሽ ወይስ እንደ ሐኪምሽ ተስፋ ብቻ ነው የሚሰጠው? እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። ሃሊፋክስም እንደ ልማዷ እየዘነበች ነው።

ሰውየው ሚስተር ኦልድሮይድ የሚባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። ክሊፈርድ ኮተቱን ሊያስገምት ጠርቶት ነው። መቼም ባሌን ታውቂዋለሽ፤ ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተረፈ የቢሊያርድ ክፍል ዕቃ ካየ ራሱን አያውቅም። የመጫወቻ ዱላው መደርደሪያ፣ የነጥብ ሰሌዳው፣ አረንጓዴው የመብራት ቆብ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ የሚተኩሱበት ካውያ ሳይቀር አለን። ጠረጴዛው ብቻ የለንም፤ በበሩ አይገባም። አንድ ቀን ቀሚሴን በዚያ ካውያ ልተኩስ ስል «ተይ እንጂ፣ ያረጀ ነገር አይነካካም!» አለኝ። ካውያውን ማለቱ ይመስለኛል።

ማታ ማታ ዕቃው ካለበት ክፍል እያመሸ ስላስቸገረኝ፣ በፋሲካ «አንተ ሰው፣ ወይ ዕቃው ይውጣ ወይ እኔ እህቴ ዘንድ ልሂድ» ብዬው ነበር። «እስቲ ላስብበት» አለ። አስቦ ሲጨርስ ክረምት ገባ።

ሻይ ይዤ ስገባ ሚስተር ኦልድሮይድ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ውይ፣ በሞትኩት! ስለ እናንተ እኮ አይደለም፣ እትዬ!» አለ። ለካ የአንዱን ዕቃ አናት ከሌላው እግር ጋር ሲገጥሙት በእነሱ ሙያ ጋብቻ ይሉታል። የእኛ መደርደሪያና ሰሌዳም ከሁለት ቤት የመጡ ናቸው። «አብረው አልተሠሩም፤ በኋላ ነው የተጣበቁት» አለኝ።

«ግን ይዟል?» አልኩት።

«መያዙንማ ይዟል፤ ብሎኑ ዝጎ።»

ክሊፈርድ መስኮት መስኮቱን ያያል። ነጋዴው፣ ሰሌዳው ለብቻው ጥሩ ያወጣል፣ ልለያያቸው ወይ ብሎ ጠየቀው። «ተዋቸው» አለ ክሊፈርድ፤ «እንዳሉ ውሰዳቸው።» እኔም፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሴት፣ ይህችን የፍቅር ቃል አድርጌ ወሰድኳት። ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ሐሙስ ዕለት ሁሉም ተጭኖ ሄደ። ስለዚህ እታለም፣ አልመጣም። ለእኔ ብለሽ ቀለም ያስቀባሽውን ክፍል አከራዪው። አሸንፌያለሁ፤ ባሌ ከዕቃው እኔን መርጧል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ደግ ተከራይ ይስጥሽ። ይህን የምጽፍልሽ ሳሎን ብቻዬን ተቀምጬ ነው። ክሊፈርድ እራቱን እንደበላ ባዶው ክፍል ገብቶ በሩን ዘግቷል።

ታናሽ እህትሽ